ከከተማ ዳር ሆናችሁ ለኮምፒውተር የእንግሊዝኛ ፈተና ስትዘጋጁ

እንግሊዝኛው እያላቸው ውጤቱ የሚያንሳቸው ተፈታኞች ጥቂት አይደሉም። በእጅ ሲጽፉ 300 ቃል በሰዓቱ የሚያደርሱ ሰዎች ኪቦርድ ፊት ሲቀመጡ 180ኛው ቃል ላይ ሰዓት ያልቅባቸዋል። የሰሙትን መልስ ለመጻፍ ፊደል ሲፈልጉ ቀጣዩ መልስ ያመልጣቸዋል። ከሰው ጋር ጥሩ አድርገው የሚያወሩትም ማይክ ሲደቀንባቸው ድምፃቸው ይጠፋል። ይህ መመሪያ ሰዋስውና ቃላት አያስተምርም። ኮምፒውተሩ ከእንግሊዝኛችሁ ላይ ቆርሶ የሚያስቀረውን ነጥብ እንዴት እንደምታስመልሱ ነው የሚያሳየው። በተለይ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮየ ፈጬ ሆናችሁ ለምትዘጋጁ፣ ቤታችሁ ኮምፒውተር ለሌላችሁና መብራት ሄዶ መምጫው ለማይታወቅባችሁ ነው የተጻፈው።

መጀመሪያ የትኛው ፈተና እንደሆነ ለዩ

ለውጭ ትምህርትና ለቪዛ የሚጠየቁት የእንግሊዝኛ ፈተናዎች፣ አይኤልትስ፣ ቶፍልና ዱዎሊንጎ፣ ሦስቱም በኮምፒውተር ይሰጣሉ፤ ተፈታኙን የሚያስቸግሩበት መንገድ ግን የየራሳቸው ነው።

የኮምፒውተር አይኤልትስ በይዘቱ ከወረቀቱ ጋር አንድ ነው። ማዳመጥ 40 ጥያቄ፣ ንባብ በ60 ደቂቃ 40 ጥያቄ፣ ጽሑፍ ደግሞ በ60 ደቂቃ ሁለት ሥራ አለው። ንግግሩ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን የሚፈትናችሁ ሰው ነው። ልዩነቱ የሚያናድደው ማዳመጡ ላይ ነው። በወረቀት ሲሆን መልስን ወደ መልስ መስጫው መገልበጫ 10 ደቂቃ ይሰጣል፤ በኮምፒውተር ግን መልሳችሁን መለስ ብላችሁ የምታዩበት 2 ደቂቃ ብቻ ነው ያላችሁ።

ቶፍል ከጃንዋሪ 21 ቀን 2026 ጀምሮ መልኩን ቀይሯል። ንባቡና ማዳመጡ በመጀመሪያው ክፍል መልሳችሁን አይቶ ቀጣዩን ከበድ ወይም ቀለል አድርጎ ያመጣል። ውጤቱ ከ1 እስከ 6 ባለው መለኪያ ይሰጣል። ጽሑፉ ውስጥ ኢሜይል መጻፍና በክፍል ውይይት ላይ ሐሳብ መስጠት፣ ንግግሩ ውስጥ የሰማችሁትን ዓረፍተ ነገር መድገምና ያለ መዘጋጃ ጊዜ ለቃለ መጠይቅ መመለስ አለ። ስለዚህ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥበት የቶፍል መጽሐፍ ከማንሳታችሁ በፊት የታተመበትን ዓመት እዩ። አንብቦ፣ ቀጥሎ ሌክቸር አዳምጦ ሁለቱን አጣምሮ ማጠቃለል የሚያለማምድ ከሆነ የድሮው ነው። ለንባብ ልምምድ አይከፋም፤ የፈተናውን አካሄድ ግን ያሳስታችኋል።

ዱዎሊንጎ ቤት ተቀምጦ የሚወሰድ፣ አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ፣ ከ10 እስከ 160 የሚያርም ፈተና ነው። ያለፈ ጥያቄ ተመልሶ አይታረምም። የሦስቱም ውጤት የሚያገለግለው 2 ዓመት ነው። የምታመለክቱበት ቦታ የትኛውን እንደሚቀበል ከራሱ ገጽ ሳታዩ ብር አትክፈሉ፤ ዩኒቨርሲቲው ዱዎሊንጎን ተቀብሎ ለቪዛው ሌላ ፈተና የሚጠየቅበት ጊዜ አለ።

አንድ ማሳሰቢያ። በ2015 ዓ.ም የተጀመረውን የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና በኮምፒውተር ስለወሰዳችሁ «ለምጄዋለሁ» አትበሉ። ያ ፈተና ከተሰጡት መልሶች አንዱን መምረጥ ነው፤ ማውዝ መያዝ ከቻላችሁ ይበቃል። እዚህ ግን ትጽፋላችሁ፣ እየሰማችሁ ትጽፋላችሁ፣ ለማይክም ትናገራላችሁ።

ኮምፒውተሩ በእርግጥ ምን ያህል ይጎዳል?

ቶፍል በ1998 ወደ ኮምፒውተር ሲገባ አዘጋጁ ኢ.ቲ.ኤስ ኮምፒውተር የለመዱና ያልለመዱ ከሺህ በላይ ተፈታኞችን አወዳድሮ ነበር። ሁሉም ስለ ማውዙና ስለ ስክሪኑ ትምህርት ወስደው ከተፈተኑ በኋላ፣ እንግሊዝኛቸው እኩል እስከሆነ ድረስ በሁለቱ ወገኖች ውጤት መካከል ቁም ነገር የሚባል ልዩነት አልተገኘም። መልካም ዜና ነው፤ ባዕድነቱ በጥቂት ልምምድ ይለቃል ማለት ነው። ግን ያኔ ድርሰቱን በእጅ መጻፍ ይፈቀድ ነበር። ዛሬ በኮምፒውተር ፈተና ድርሰቱ በአብዛኛው የሚተየብ ነው። የማውዝ ፍርሃት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለቃል፣ የጣት ፍጥነት ግን ሳምንታት ይፈልጋል።

የዚያው ድርጅት በ1994 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በእጅ የተጻፉ ድርሰቶች ቃላቸው ሳይነካ ተተይበው ሲታረሙ ዝቅ ያለ ነጥብ እንዳገኙ አሳይቷል። ለዚህ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ በታይፕ የተጻፈ ነገር አጭር መስሎ መታየቱና ስህተቱም አፍጥጦ መውጣቱ ነው። በእጅ ጽሑፍ ውስጥ አራሚው በቀና ልብ የሚያልፈው የተዛባ ፊደል ስክሪን ላይ መደበቂያ የለውም።

ኪቦርዱ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚገባው ይህ ነው። ስሌቱን እዩት። የአይኤልትስ ሁለተኛው ጽሑፍ ቢያንስ 250 ቃል ይጠይቃል፤ ለደህንነት 280 እንበል። ለእሱ ከሚመደበው 40 ደቂቃ 5ቱን ለማቀድ፣ 5ቱን ለማረም ብትተዉ 30 ይቀራል። በደቂቃ 10 ቃል የሚተይብ ሰው 280ውን ለመልቀም ብቻ 28 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ለማሰብ የሚተርፈው 2 ደቂቃ ነው። በደቂቃ 25 ቃል የሚተይበው በ11 ደቂቃ ይጨርስና 19 ደቂቃ ለሐሳቡ ይቀረዋል። እንግሊዝኛቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች የተለያየ ድርሰት የሚያስረክቡት እዚህ ላይ ነው። ቶፍል ላይ ይብሳል፤ ለክፍል ውይይቱ የሚሰጠው 10 ደቂቃ ሲሆን የሚጠበቀው ቢያንስ 100 ቃል ነው።

ራሳችሁን ለኩ። ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንድ ገጽ ክፈቱ፣ 5 ደቂቃ እያያችሁ ቅዱ፣ በትክክል የተጻፉትን ቃላት ቆጥራችሁ ለ5 አካፍሉ። ከ15 በታች ከሆነ ከአንድ ወር እስከ ወር ተኩል ያስፈልጋችኋል፤ የፈተና ቀን ለመያዝ አትቸኩሉ። ከ15 እስከ 25 ከሆነ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይበቃል። ከ25 በላይ ከሆናችሁ ኪቦርዱን ተዉትና ወደ ማዳመጡ እለፉ።

ኮምፒውተር የሌለው ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድ ገዝቶ ኦቲጂ በሚባለው፣ ዩኤስቢን ከስልክ ቻርጅ ቀዳዳ ጋር በሚያጋጥም ገመድ ከስልክ ጋር ማገናኘት ነው። አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ ይቀበለዋል። ስልኩ ከአንድ ነገር ላይ ተደግፎ ይቆማል፣ ኪቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ይሆናል፣ መብራት ቢሄድም ልምምዱ አይቋረጥም። ከመጀመራችሁ በፊት ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ራሱ የሚያርመውን፣ ቃል የሚያቀብለውንና ትልቅ ፊደል የሚያስገባውን ሁሉ አጥፉ። ፈተናው ላይ ፊደል የሚያርምላችሁ የለም፤ ስልክ ያስለመዳችሁ ስንፍና የሚጋለጠው ያኔ ነው። ሁለተኛው መንገድ ሰፈር ያለው የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ጠዋት ደንበኛ ሳይበዛ በሰዓት ወይም በወር ተነጋገሩ። የእነዚህ ቤቶች ኪቦርድ ፊደሉ የተፋቀ ነው ብላችሁ አትማረሩ፤ ሳያዩ መጻፍ ለሚለማመድ ሰው ይመቻል። ወደ ከተማ መግባት ከሆነላችሁ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ኮምፒውተር አለው።

ልምምዱ በቀን 30 ደቂቃ ይሁን፤ እሑድ ብቻ ተቀምጦ ሦስት ሰዓት መተየብ ትከሻ ከማሳመም በቀር ፋይዳ የለውም። ሁለቱ ሌባ ጣቶች ኤፍ እና ጄ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ቁልፎች ላይ በጣት የምትዳሰስ ትንሽ እብጠት አለች። ጣት ከዚያ ተነስቶ ወደዚያው ይመለሳል። በመጀመሪያው ሳምንት ፍጥነታችሁ ከበፊቱ ያንሳል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ሁለት ጣቱ የሚመለሰው በዚህ ጊዜ ነው። እጃችሁን በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ ብትጽፉ ቁልፉን ሰርቆ የማየት ፈተናው ይቀራል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሺፍት ጨምሩ፤ ከዚያ ነጠላ ሰረዝ፣ አራት ነጥብን የሚተካው ነጥብና አፖስትሮፍ ይምጡ። ከዚያ በኋላ መቅዳቱን ተዉና ከራሳችሁ ጻፉ፤ የሌላን ጽሑፍ መቅዳትና እያሰቡ መተየብ አንድ ሥራ አይደለም።

አማርኛ ተናጋሪ ላይ አዘውትረው የሚታዩ ሦስት የኪቦርድ ስህተቶች አሉ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ፣ የአገርና የሰው ስም፣ «እኔ» የምትለዋ አይ ሳይቀሩ በትንሽ ፊደል ይወጣሉ። በአማርኛ ስንተይብ ከሥርዓተ ነጥቡ በፊት ክፍተት መተው ስለለመድን በእንግሊዝኛም ከኮማና ከነጥብ በፊት ስፔስ እንመታለን፤ በእንግሊዝኛ ክፍተቱ የሚመጣው ከምልክቱ በኋላ ብቻ ነው። ሦስተኛው እንደተነበበ መጻፍ ነው። «አኮሞዴሽን» ሁለት ሲ እና ሁለት ኤም ይፈልጋል፤ «ገቨርመንት» እና «ኢንቫይሮመንት» ውስጥ ከኤም በፊት ጆሮ የማይሰማው ኤን አለ። የምትስቷቸውን ቃላት በደብተር ይዛችሁ እያንዳንዱን በኪቦርድ 10 ጊዜ ጻፉት፤ በእስክሪብቶ ያጠናችሁት ሆሄ ጣታችሁ ላይ ገና አልደረሰምና። የእንግሊዝና የአሜሪካ አጻጻፍ ሁለቱም በአይኤልትስ ተቀባይነት አላቸው፣ በዚያ አትጨነቁ።

ኮምፒውተሩ በምላሹ የሚሰጣችሁም አለ። አይኤልትስ ላይ ስትጽፉ የቃላችሁ ብዛት ከታች ይቆጠራል። ኮንትሮልና ኤክስ፣ ኮንትሮልና ቪ ይሠራሉ፤ አንቀጽ ቆርጦ ወደ ላይ መውሰድ ይቻላል። ይህ ግን ወጥመድም ነው። ማረም ቀላል ሲሆን ሰው ሳያቅድ ይጀምርና አንዱን መግቢያ አምስት ጊዜ ሲያፈርስ 15 ደቂቃ ያልፋል። እንግዲህ በሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ አራት መስመር ሐሳብ ሳትጽፉ ኪቦርዱን አትንኩ። ሁለተኛው ጽሑፍ የመጀመሪያውን እጥፍ ስለሚመዝን እጁ ያልፈጠነ ሰው ከሁለተኛው ቢጀምር ይሻለዋል። በአንቀጾች መካከል ኢንተር ሁለት ጊዜ ምቱ፤ አለበለዚያ ስክሪን ላይ ሁሉም አንድ ክምር ይመስላል።

ከስክሪን ማንበብ

አይኤልትስ ላይ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። ጽሑፉ በግራ፣ ጥያቄዎቹ በቀኝ ይሆናሉ፤ ሁለቱም ለየብቻቸው ይንሸራተታሉ። ወረቀት ላይ «ያ ነገር ከገጹ ታች በግራ ጥግ ነበር» ብሎ የሚያስታውስ ዓይን እዚህ ይጠፋበታል፣ ቦታው እየተንቀሳቀሰ ነውና። መድኃኒቱ ቀለም መቀባት ነው። ቃሉን በማውዝ ጎትታችሁ ትመርጣላችሁ፣ ከሚመጣው ምርጫ ውስጥ ቀለም የሚቀባውን ትጫናላችሁ። ሁሉን አትቀቡ። ከየአንቀጹ አንድ ስም፣ አንድ ዓመት ወይም አንድ ቁጥር ይበቃል፤ ቤት ለመፈለጊያ ምልክት እንጂ ማስጌጫ አይደለም። የፊደሉን መጠንና የስክሪኑን ቀለም ከሴቲንጉ መቀየር ይቻላል። ይህን ሰዓቱ መቆጠር ሳይጀምር ጨርሱ።

በስልክ ብቻ የተለማመደ ሰው ይህ ሁሉ አዲስ ይሆንበታል። በትልቅ ስክሪን የአይኤልትስን ወይም የኢ.ቲ.ኤስን ነፃ የመለማመጃ ፈተና ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሙሉውን ሳታቋርጡ ሥሩ። በልምምድ ጊዜ በየ20 ደቂቃው ቀና ብላችሁ 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ለ20 ሴኮንድ እዩ፤ ዓይን የሚደርቀው ስክሪን ላይ ስናፈጥ መርገብገብ ስለምንረሳ ነው። የአይኤልትስ ሰዓት 10 እና 5 ደቂቃ ሲቀር ብልጭ ድርግም ይላል። ያኔ ባዶ የቀረውን ሁሉ ሙሉ። አይኤልትስም ሆነ ቶፍል ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንሱም፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ግን ስክሪኑ ቃል አስጨርሶ አይጠብቃችሁም።

እየሰሙ መጻፍ

ድምፁ የሚሰማው አንድ ጊዜ ነው። ዓይን ጥያቄው ላይ፣ ጆሮ ድምፁ ላይ፣ ጣት ኪቦርዱ ላይ ይሆናል። እጁን የሚያይ ሰው ጥያቄውን ይለቃል። ከአንዱ ባዶ ቦታ ወደ ቀጣዩ ለመሄድ ማውዝ አትፈልጉ፤ ታብ የምትባለዋ ቁልፍ ታሻግራለች። ልምምዱ እንዲህ ይሁን፦ 3 ደቂቃ የሚሆን እንግሊዝኛ ቅጂ ክፈቱ፣ ሳታቆሙ ስምና ቁጥር ብቻ ተይቡ። ስልክ ቁጥር፣ የመንገድ ስም፣ ቀን፣ ዋጋ። ከኪቦርዱ በላይኛው ረድፍ ያሉት ቁጥሮች ብዙ ሰው የማይለማመዳቸው ናቸው፤ የማዳመጡ መጀመሪያ ግን የሚሞላው በእነሱ ነው። ያመለጣችሁን መልስ ስታሳድዱ ቀጣዮቹን ሁለት አትጡ፤ ባዶውን ተዉት፣ በመጨረሻዎቹ 2 ደቂቃዎች ግምት አስገቡበት።

ለማይክ መናገር

እኛ ጋ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መናገር ጨዋነት ነው፤ በተለይ ከታላቅ ፊት። ማይኩ ግን ይህን አያውቅም። የቃል መጨረሻ ተውጦ ሲቀር ማሽኑ እንዳልተባለ ይቆጥረዋል፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ብዙ ቁጥርና ያለፈ ጊዜ የሚታወቁት በቃል መጨረሻ ነው። ሌላው የእኛ ነገር አየር ወደ ውስጥ ስቦ «እህ» ማለት ነው። እኛ አዎንታ መሆኑን እናውቃለን፤ ቅጂው ላይ ግን እንደ ትንፋሽ ወይም እንደ ድንጋጤ ነው የሚሰማው። ከአይኤልትስ ፈታኝ ጋር ስትነጋገሩም አውጥታችሁ «የስ» በሉ።

ማይኩን ከአፍ ትይዩ ሳይሆን ከከንፈር ጥግ ሁለት ጣት ያህል ራቅ አድርጉት፤ ትይዩ ከሆነ ፒ እና ቢ በተጠሩ ቁጥር ትንፋሹ ይፈነዳል። ቶፍልን ፈተና ማዕከል ለሚወስድ ሰው ትልቁ ፈተና ጎረቤቱ ነው፤ በአንድ ክፍል ሁሉም በየራሱ ጊዜ ይናገራል። ለዚህ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ መለማመድ አይጠቅምም። ሬዲዮ ከፍታችሁ ወይም ታክሲ መጠበቂያ ቆማችሁ ስልካችሁ ላይ 45 ሴኮንድ መልስ ቅዱ። መልሳችሁ አድምጡት። ከ3 ሴኮንድ በላይ ዝም ያላችሁበትን ቦታ ቁጠሩ፤ መጀመሪያ መቀነስ ያለበት ያ ነው፣ የአነጋገር ዘዬ አይደለም።

ጥያቄው ሲከብድ

በመልሳችሁ መሠረት የሚለዋወጥ ፈተና ለጠንካራውም ለደካማውም ከባድ ሆኖ ይሰማል፤ የተሠራው የእያንዳንዱን ሰው አቅም ጠርዝ ለመፈለግ ነውና። ከክፍሉ አንደኛ እየወጣ ያደገ ተማሪ አራት ጥያቄ ተከታትሎ ሲያዳልጠው «አለቀልኝ» ይልና ቀሪውን በድንጋጤ ያበላሻል። ከባድ ጥያቄ መምጣቱ እስካሁን በደንብ መመለሳችሁንም ሊያመለክት ይችላል። «ቀለለኝ፣ ስለዚህ ወደቅሁ» ብሎ መተርጎምም ያው ስህተት ነው። የፈተናውን ሐሳብ ለማንበብ አትሞክሩ፤ ፊታችሁ ያለውን ጥያቄ ብቻ መልሱ።

ቤት ሆናችሁ የምትፈተኑ ከሆነ

ዱዎሊንጎ ላይ ኢንተርኔቱ ከተቋረጠ ፈተናው ይቋረጣል፣ እንደገና መጀመር ይመጣል። የቤት ዋይፋይ ሳጥን የሚሠራው በመብራት ስለሆነ ላፕቶፑ ባትሪ ቢኖረውም መብራት ሲሄድ ኢንተርኔቱም ይሄዳል። ስለዚህ ለዚያ ሰዓት የሞባይል ዳታ ተጠቀሙ። የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሲም በምትፈተኑበት ክፍል ውስጥ፣ በምትፈተኑበት ሰዓት፣ ሦስት ቀን ተከታታይ ስፒድ ቴስት አድርጋችሁ የሚረጋውን ምረጡ። የሚፈጥነውን አላልንም። ፈጥኖ የሚቆራረጥ ኔትወርክ ዝግ ብሎ ከሚረጋው ይከፋል። ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይሁን፤ ሆትስፖት የሚሰጠው ስልክ ጥሪ እንዳይገባበት አድርጉት፣ ጥሪ ሲመጣ ዳታው የሚቆምበት ስልክ ብዙ ነው።

ከዚያ ድምፁ አለ። ከሌሊቱ 10 እና 11 ሰዓት ኔትወርኩ ይቀላል፣ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አጠገብ ለሚኖር ሰው የጸሎት ሰዓት ነው፤ ዶሮውም አለ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤቱና የብረታ ብረት ሥራው ይጀምራሉ። ሰፈራችሁ ፀጥ የሚልበትን ሰዓት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ኮንዶሚኒየም ቤት ባዶ ግድግዳው ድምፅ ያስተጋባል፤ ከጀርባችሁና ከጎናችሁ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ብትሰቅሉ ቅጂው ይጠራል። ሰው ክፍሉ ውስጥ ከገባ ውጤቱ ላይረጋገጥ ይችላልና ለአከራይም፣ ለግቢ ልጆችም አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በሩን ቆልፉ። ኢርፎን አይፈቀድም፤ ሁለቱም ጆሮዎች መታየት አለባቸው፣ ፀጉር እንዳይጋርዳቸው። ስታስቡ ጣሪያ የማየት ልማድ ካላችሁ በልምምድ ጊዜ ተዉት፤ ከስክሪን ውጪ ማየት እንደ ኩረጃ ይቆጠራል።

ማዕከል ለምትሄዱ

ምዝገባ ላይ ስማችሁን ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፉ። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ ከፓስፖርቱ ገጽ ታች ያሉትን ሁለት የማሽን መስመሮች ተመልከቱ። የትውልድ ዘመናችሁንም ከዚያው ውሰዱ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የምታውቁትን ካስገባችሁ ከበር ልትመለሱ ትችላላችሁ። የፈተናው ቀንና ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 8:30 ማለት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። 03/05 የተባለው ደግሞ ለአሜሪካኖቹ ማርች 5፣ ለእንግሊዞቹ ሜይ 3 ነው፤ ወሩ በቃል የተጻፈበትን ቦታ ፈልጉ።

ቀን ስትመርጡ የራሳችንን ካሌንደርም ክፈቱ። በደመራ፣ በኢሬቻ፣ በጥምቀትና በታላቁ ሩጫ ጊዜ ወደ መሃል ከተማ የሚያስገቡ መንገዶች ይዘጋሉ። ሌላ ቀን ቢሆንም ከሰበታ በአየር ጤና፣ ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ፣ ከቡራዩ በአስኮ የምትመጡ ሰዎች በማለዳው የታክሲ ሰልፍ ላይ መተማመን የለባችሁም። ከሳምንት በፊት በዚያው ቀንና ሰዓት ተነስታችሁ መንገዱን ሞክሩት። ከሁለት ሰዓት በላይ ከፈጀ ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት እደሩ። በክረምት ጭቃውንም አስቡ።

ማለዳ በእንጦጦ በኩል ወርዶ የመጣ ሰው ጣቱ ደንዝዞ ነው የሚቀመጠው። ጓንት አድርጉ፣ ደርሳችሁ እጃችሁን አሻሹ። የአይኤልትስ ማዳመጥ፣ ንባብና ጽሑፍ እረፍት የላቸውም፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይሄዳሉ። መጸዳጃ መውጣት ይቻላል፣ ሰዓቱ ግን አይቆምም። ጾመኛ ከሆናችሁና እስከ ከሰዓት የምትቆዩ ከሆነ ቀኑን ስትይዙ አስቡበት፤ ጽሑፉ የሚመጣው መጨረሻ ላይ፣ ጉልበት ሲያልቅ ነው። ቦታችሁ ላይ እንደተቀመጣችሁ የኪቦርዱን ስፔስ ባር፣ ሺፍትና ባክስፔስ ነካ ነካ አድርጉ፣ የሄድፎኑን ሁለቱንም ጆሮ ሞክሩ። አንዱ የማይሠራ ከሆነ ፈተናው ሳይጀመር እጃችሁን አንሱ። በይሉኝታ ዝም ብሎ ጀምሮ በኋላ ቅሬታ ማቅረብ ብዙም አያስኬድም።

ውጤቱ ሲመጣ

አራቱን ክህሎቶች ጎን ለጎን አስቀምጡ። አይኤልትስ ላይ ንባባችሁ 7 ሆኖ ጽሑፋችሁ 5.5 ከሆነ፣ ሌላ የሰዋስው መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ድርሰት በእጅ፣ በሌላ ቀን ሌላ ድርሰት በኪቦርድ በእኩል 40 ደቂቃ ጽፋችሁ ሁለቱንም ለአስተማሪ አሳዩ። የእጁ ከተሻለ ችግሩ ጣታችሁ ላይ ነው፣ ወደ 30 ደቂቃው ልምምድ ተመለሱ። እኩል ከሆኑ ችግሩ እንግሊዝኛው ነው፤ ኪቦርድ አይፈታውም። ንግግር ብቻ ወርዶ ከሆነ የቀዳችኋቸውን መልሶች አውጥታችሁ የዝምታውን ሴኮንድ ቁጠሩ። የአይኤልትስን አንድ ክህሎት ብቻ ለይቶ መድገም የሚቻልበት አሠራር ለኮምፒውተር ተፈታኞች ስላለ፣ ሙሉውን ዳግም ከመክፈላችሁ በፊት የተፈተናችሁበትን ማዕከል ይህን አገልግሎት እንደሚሰጥ፣ የምታመለክቱበትን ቦታም እንደሚቀበለው ጠይቁ።